ልብስ ሰፊዋ የጣለቻቸው ፎቶዎች

አባቴ በተቀበረ ዕለት ሳሎናችን ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የቆመው ፎቶ፣ ጆሮው ላይ ማህተም ነበረበት። ከመሥሪያ ቤት መታወቂያው ላይ ወስደን ያስጎላነው ነው፤ ሌላ ፎቶ አልነበረውም። ማህተሙ ሰማያዊ ግማሽ ክብ ሆኖ ከጆሮው እስከ አንገቱ ይወርዳል። ፎቶው ሲያድግ ማህተሙም አብሮ አደገ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለበት መጋዘን በሞቱ ቀን እንኳን አልለቅህም ያለው መስሎኝ፣ ማልቀሴን ትቼ መናደድ ያዝኩ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ሐዘን ሲመጣብኝ ቀድሞ የሚደርስልኝ ንዴት ነው።

አክስቴ ግን አልተናደደችም። ከፎቶው ፊት ለፊት ተቀምጣ ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ማህተም ስታይ ቆየች። በአራተኛው ቀን እናቴ የልብ መድኃኒቷን ልትውጥ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠብቃ እጄን ያዘችኝ።

«እትዬን እንዲህ አድርገን አንሸኛትም» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ፎቶ ያስፈልጋታል። ደህና ፎቶ። እኔ ራሴ አነሳታለሁ።»

በሕይወቷ ካሜራ ጨብጣ አታውቅም። ሐዘኑ ነው የሚያናግራት ብዬ አለፍኩት። ግን እናቴ ብዙ ጊዜ እንደሌላት ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ሐኪሙ ልቧ መድከሙን ሲነግረን ዓይናችንን እያየ አልነበረም።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ እናቴ በዘጠኝ ዓመት ትበልጣታለች። አክስቴ ልጅ አልወለደችም፤ እኔንም አፌንም ያሳደገችው እሷ ናት ይባላል፣ አፌ ሲከፋ ነው ታዲያ የሚባለው። እኛ የምንኖረው ፎቅ ላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው፤ የእሷ ስፌት ቤት ከእኛ ሥር፣ ከደረጃው ጎን ነው። አንድ መስኮት፣ በእግር የሚረገጥ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከግድግዳው ሥር ደግሞ አሥራ አንድ ጆንያ ቁራጭ ጨርቅ። ነጩ ለብቻ፣ ጥቁሩ ለብቻ፣ አበባ ያለበት ለብቻ። ከሁለት ጣት የሚሰፋ ቁራጭ ከእጇ ወደ ቆሻሻ ወርዶ አያውቅም። «ቁራጭ ቀኑን ይጠብቃል እንጂ አይሞትም» ትላለች። ወረቀትም አትጥልም። የደንበኛ ልኬት የምትጽፈው በማስታወቂያ ጀርባ፣ በደረሰኝ ጀርባ፣ ባለፈበት ካላንደር ጀርባ ነው፤ ሁሉንም ሰብስባ በአሮጌ ሜትር ታስራቸዋለች። የሰፈሩ ሰው «ጆንያዋ» የሚል ስም አውጥቶላታል። ታውቃለች፤ ቅር አይላትም።

እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ገዛሁላት። ማንገቻው ተበጥሶ ነበር። በዚያው ቀን ከጥቁሩ ጆንያ ጨርቅ አውጥታ፣ በድርብ ስፌት አዲስ ማንገቻ ሰፋችለት። ካሜራው በየት በኩል እንደሚበራ ገና አላወቀችም። እናቴ አይታ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አለቻት።

መማሩም መጣ። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ፎቶ ማንሳት የሚያስተምሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አርባ ዓመት ፎቶ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይባላሉ፤ ከጀርባ ስማቸው «ቀይ እርሳስ» ነው። ምክንያቱም እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ሠላሳ ፎቶ አንስቶ ይመጣል፣ እሳቸው ሠላሳውንም አውራ ጣት አሳክለው በአንድ ወረቀት ላይ ያትሙና፣ ያልጣማቸውን በቀይ እርሳስ ከጥግ እስከ ጥግ በመስቀል ይሰርዙታል። ሁለት ከተረፈልህ እድለኛ ነህ። ተማሪዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ አክስቴ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን አፍራ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ፣ ሄድኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ፎቶዎች ከአንዷ በቀር ሁሉም የእናቴ ነበሩ። እናቴ ጠዋት ደረጃውን ቀስ ብላ ትወርድና እስኪመሽ ስፌት ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጣ የደንበኞችን ልብስ ቁልፍ ትተክላለች። ሥራዋ ያ ነበር። ፎቶ ሲያነሷት አትወድም። ገና ወጣት ሳለች ከደረጃ ወድቃ ሁለት የፊት ጥርሶቿን አጥታለች፤ ከዚያ ወዲህ ስትስቅ እጇ ከሳቋ ይቀድማል። ልጇ ሆኜ እንኳን የእናቴን ሳቅ ከግማሽ በላይ አይቼው አላውቅም። ካሜራ ሲመጣባት ወይ ትኮሳተራለች፣ ወይ ትስቅና እጇ ይነሳል። ሌላ መልክ የላትም።

ጋሼ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ።

«የአንገትጌው ስፌት ጥርት ብሎ ይታያል» አሉ። «ሴትዮዋ የታሉ?»

«እዚያው ናት ጋሼ። እህቴ ናት።»

«እርስዎ ያነሱት ልብስ ነው። ሠላሳ ጊዜ አንገትጌ አነሱ። ካሜራው የሚያነጣጥረው ዓይን ላይ ነው፤ ዓይን ከጠፋ ሰውየው ጠፋ ማለት ነው።»

እርሳሱ ሥራውን ጀመረ። ይሄ ጨለማ፣ መስኮቱ ከኋላ ነው። ይሄ ጭንቅላቱ ተቆርጧል። ይሄ ጋድሏል። አክስቴ አንዷ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይቺስ?»

«እጅ ተንቀሳቅሷል። ደብዝዟል።» ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዙት።

ከሠላሳው የተረፈው የልብስ ቁልፍ የሚቀመጥበት ቆርቆሮ ፎቶ ብቻ ነበር፤ እናቴ የሌለችበት። ስንመለስ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ አክስቴ ግን ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በዚያው ሳምንት ለመድኃኒት ቤቱ ነጭ ጋውን ልትሰፋልኝ ስትለካኝ ልኬቴን የሆነ ወረቀት ላይ ስትጭር አይቻለሁ። ልብ አላልኩም።

ከሁለተኛው ቅዳሜ ጀምሮ የቤተ መጻሕፍቱ ማተሚያ ቀለም ጨረሰ፤ ሌላ የሚገዛም አልተገኘም። ጋሼ አዲስ ሕግ አወጡ። ከእንግዲህ አሥር ፎቶ ብቻ መርጣችሁ ታመጣላችሁ፣ በኮምፒውተሬ እናያቸዋለን፣ የቀረውን እዚያው ባነሳችሁበት ቦታ ታጠፋላችሁ አሉ። «መጣል ያልቻለ ማየት አልቻለም» አሉ፣ ተማሪውንም አስደገሙት። አክስቴም ደገመች። አሥራ አንድ ጆንያ ያላት ሴት!

የመጀመሪያ ሰሞን የቆሻሻ ቅርጫት ስዕል ያለባትን ቁልፍ ስትጫን ዓይኗን ትጨፍን ነበር። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ካሜራው ሲጠይቃት «አይደለሁም» ብላ ትመልስለታለች፣ ግን ትጫናለች። ቆይታ ለመደችው። ከዚያ ደግሞ ኮራችበት። «ዛሬ ሃያ ስድስት ጣልኩ» እያለች ከባድ ዕቃ እንደተሸከመ ሰው ወገቧን ይዛ ትነግረናለች።

እውነቱን ለመናገር፣ ጎበዝ ሆነች። እኔ ሰው ማሞገስ አይሆንልኝም፤ ይሄን ግን መካድ አልችልም። ወንበሩን አዞረችው፣ መስኮቱ ከጎን እንዲሆን። የእናቴ አንደኛው ጉንጭ ጨለማ ሲሆንባት ከነጩ ጆንያ ሰፊ ጨርቅ አውጥታ ወንበር ላይ ሰቀለች፤ ብርሃኑ ከጨርቁ ነጥሮ ጉንጯ ላይ አረፈ። ጋሼ ይህን ማን አስተማረዎት ሲሏት «ጥቁር ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር ስሰፋ የማደርገው ነው» አለቻቸው። ትንፋሿን መያዝም ማንም አላስተማራትም፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ ስታስገባ ዕድሜዋን ሙሉ የያዘችው ትንፋሽ ነው። ግን የእናቴ እጅ አስቸገራት።

«እትዬ፣ እጅሽን አውርጂ!»

«እጄ የራሱ ሰው ነው፣ እኔን አይሰማም።»

«አውርጂው በናትሽ፣ ደበዘዘብኝ!»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ አንቺ ቀስ በቀስ እኔን ልትጨርሺኝ ነው» ትላታለች እናቴ፣ ትስቃለች፣ እጇም ይነሳል። አክስቴ ካሜራውን ታያለች፣ ከንፈሯን ትመጥጣለች፣ ቁልፏን ትጫናለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ሳቅ እንደተጣለ የሚያውቅ የለም።

በሰባተኛው ወር ጋሼ አንድ ፎቶ ላይ ሲደርሱ ማሳለፍ አቆሙ። የሚጠቁሙበትን እርሳስ ወደ ደረት ኪሳቸው መለሱት።

«ይሄ ፎቶ ነው» አሉ።

እናቴ መስኮት ሥር፣ እጆቿ ጭኗ ላይ፣ አፏ ግጥም ብሎ፣ ዓይኗ ጥርት ያለ። የቅንድቧ ፀጉር ይቆጠራል። ጋሼ በራሳቸው ወጪ አሳትመው አንዱን ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ ሌላውን አክስቴ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ቤት አመጣችው። እናቴ በሁለት እጇ ራቅ አድርጋ ያዘችው።

«ይቺ ዳኛ ማናት?» አለች።

አክስቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። «አንቺ ነሻ፣ እትዬ።»

እናቴ ደጋግማ አየችው። «ጎበዝ ነሽ፣ እጅሽ ይባረክ። ጥርት ብሏል» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ ክፉ አስባ አይደለም፣ «ለመታወቂያ ይሆናል» አለች።

የአክስቴ ፊት ምን እንደሆነ አየሁ። እኔም ፎቶውን ገና ስትፈታው ጀምሮ አውቄው ነበር፤ ያቺ ሴት እናቴ አይደለችም። ዓይኗ የእናቴ ነው፣ ቀሚሷ የእናቴ ነው፣ ሴትዮዋ ግን ሌላ ናት። ለሁሉም ነገር መልስ የማያጣ አፌ ያን ቀን ተለጎመ። «አክስቴ፣ ስትስቅ አንሻት፣ ይደብዝዝ» ብል ኖሮ ምን ነበረበት? ሰባት ወር ደክማ ያመጣችውን ላለማርከስ ብዬ ዝም አልኩ። ይሄ ዛሬም ይቆጨኛል።

አክስቴ ከዚያ ወዲያ የእናቴን ሳቅ ፈለገች። የማታውቀውን ቀልድ ሁሉ ከደንበኞቿ እየለቀመች ታወራላት ነበር። ግን ጊዜው አልፎ ነበር። የእናቴ እግር አብጦ ደረጃ መውረድ ተወች፤ በሦስት ትራስ ተደግፋ ነው የምትተኛው፤ ሳቅ ሲመጣባት ሳል ይቀድመዋል። «አታስቂኝ» አለቻት አንድ ቀን፣ «ትንፋሼን ለሌላ ነገር እፈልገዋለሁ።» አክስቴ ካሜራውን አልጋው ሥር አስቀምጣ እግሯን ታሽላት ጀመር።

ፎቶው ቤት በመጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጠዋት፣ እናቴ ሞተች። ውኃ ስጪኝ ብላኝ ብርጭቆውን ይዤ ስመለስ አልነበረችም።

ሰው ከሰዓት በኋላ መምጣት ይጀምራል። ጠረጴዛው ከግድግዳው ጋር ተጠጋ፣ ነጭ ጨርቅ ለበሰ። የቀረው ፎቶው ነው። አክስቴ ካሜራውን አብርታ ጎኔ ተቀመጠችና አንድ በአንድ ማሳለፍ ጀመረች። ጋሼ የጣሉትንም አጥፍታ የቀሯት ስድሳ አንድ ነበሩ። ስድሳ አንዱም ጥርት ያሉ፣ ስድሳ አንዱም ዳኛ።

«ስትስቅ የለም?» አልኳት። ልጎዳት ብዬ አልነበረም።

«ስትስቅ እጇ ይንቀሳቀሳል» አለች አክስቴ። ድምፅዋ የጋሼን መሰለኝ። «ሲንቀሳቀስ ጣልኩት። ሁልጊዜ። እዚያው ቆሜ፣ እሷ ስቃ ሳትጨርስ።»

ጣቷ ቁልፏ ላይ እንዳለ ቀረ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ጨርቅ ሰብስቤ እህቴን ጣልኳት።»

ጋሼን ጠራናቸው። ኮምፒውተራቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ደረጃው እያስተነፈሳቸው መጡ። የጠፋ ፎቶ አንዳንድ ጊዜ ከሚሞሪው ውስጥ ይወጣል ብለው አንድ ሰዓት ያህል ታገሉ። ከወጣው ሁሉ የሚታወቀው አንድ የቀሚስ እጅጌ ነበር፣ እሱም ግማሹ።

«በጠፋው ቦታ ላይ ሌላ ተነስቶበታል» አሉ፣ «በዚያም ላይ ሌላ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ይጣሉ ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

አክስቴ ዓይኗን ከካሜራው አላነሳችም። እኔ ግን መለስኩ።

«አዎ፣ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ወዲያው ጸጸተኝ፣ ግን የተናገርኩትን አልመለስኩትም።

ይህን ጊዜ ጠረጴዛውን ሲያስተካክሉ የነበሩት ጎረቤታችን «ይቺ ልጅ ጥቁር ልብስ የላትም እንዴ?» አሉ። አልነበረኝም። የአባቴን ሐዘን በተዋስኩት ልብስ ነው ያሳለፍኩት። አክስቴ ተነሳች። ሌላ ነገር ሁሉ ሲያቅታት የምታውቀው ሥራ ስፌት ነው። «ልኬትሽ አለኝ» ብላ ወደ ስፌት ቤት ወረደች፤ እኔም ጋሼም ምን እንደምናደርግ ስላላወቅን ተከተልናት። በሜትር የታሰረውን የወረቀት ጥቅል ፈታችና ትፈልግ ጀመር። የእገሌ ሱሪ፣ የእገሊት ቀሚስ። አንዱ ላይ ቆመች።

«ደረት ዘጠና ሁለት፣ ወገብ ሰባ አራት» ብላ አነበበች። «የጋውንሽ ነው።» ወረቀቱን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ልታስቀምጥ ስትል ገለበጠችው።

ሠላሳ ትንንሽ ፎቶዎች። ሃያ ዘጠኝ ቀይ መስቀል።

አክስቴ መነጽሯን ሳታደርግ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። በሦስተኛው ረድፍ፣ ያን ቅዳሜ ጣቷን ያሳረፈችበት ላይ፣ እናቴ ትስቃለች። እጇ ተነስቷል፣ ግን ገና አልደረሰም፤ ደረቷ አጠገብ ነጭ ጭጋግ ሆኗል። አፏ ክፍት ነው። ሁለቱ ጥርሶች የጎደሉበት ቦታ ይታያል። ዓይኖቿ ጠብበው መስመር ሆነዋል። ሙሉ ሳቋ ነበር። እኔ ሙሉውን ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ሞታ። እዚያው ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ንዴቱ ያን ቀን አልደረሰልኝም።

አክስቴ ግን ወደ ሥራዋ ዞረች። ነጩን ጨርቅ አውጥታ ወንበሩ ላይ ሰቀለች፣ ወረቀቱን መስኮቱ ደፍ ላይ በአራት መርፌ ወጠረች፣ ካሜራውን በቅርብ አድርጋ ትንፋሿን ያዘች። ያቺን አንዷን አነሳች። ጋሼ ኮምፒውተራቸው ላይ አጎሉት። ሁለቱ ቀይ መስመሮች ከጥግ እስከ ጥግ መጥተው የሚገናኙት በትክክል አፏ ላይ ነበር።

«ላጠፋው እችላለሁ» አሉ ጋሼ። ቀና ብለው አላዩንም። «ግን መስመሩ አፋቸው ላይ ነው ያለፈው። ካጠፋሁት ከሥሩ ያለውን እኔ መሳል አለብኝ። ከራሴ።»

«እንዲያ ከሆነ የእሷ አፍ አይሆንም» አለች አክስቴ።

«አይሆንም።»

«ይተዉት ጋሼ። እንዳለ ይታተም።»

እሳቸው ሊያሳትሙ ሄዱ፣ እሷ የእኔን ቀሚስ ቆረጠች። ሰው መምጣት ሲጀምር ቀሚሱን ለብሼ ነበር፤ የታችኛው ጫፍ ገና በመርፌ ብቻ ነው የተያዘው። ፎቶው ጠረጴዛው ላይ ቆመ። የነጠብጣብ ክምር ይመስላል፣ ጥርት ያለ ነገር የለበትም፣ ቀይ መስቀል ከዳር እስከ ዳር አለበት። የአባቴ የመጋዘን ጓደኛ ጎንበስ ብለው አይተው «ምነው፣ ደህና ፎቶ ጠፋ?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ከዚያ ደግመው አዩትና «አቤት፣ እሷው ናት» አሉ።

ጋሼ ከበሩ አጠገብ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሁሉም ሰው ፎቶውን ያያል፣ እሳቸው ወለሉን ያያሉ። አክስቴ ተነስታ በብርጭቆ ውኃ ወሰደችላቸውና ጎናቸው ተቀመጠች። የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ እዚያው ነበሩ፤ እኔም ስሸኛቸው ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

አክስቴ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዷን አልተወችም። አሥር ፎቶዋን ይዛ ትሄዳለች፣ የቀረውን ግን አታጠፋም። ሚሞሪው ሲሞላ ሌላ ትገዛለች፤ የሞላውን የቁልፍ ቆርቆሮው ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ጋሼ ይህን ያውቃሉ፣ ተናግረው አያውቁም።

እናቴ ከሞተች ከሁለት ወር በኋላ የቀሚሴን ጫፍ ልታስተካክልልኝ ጠራችኝ። ስትጨርስ የእናቴ ወንበር ላይ እንድቀመጥ ነገረችኝና ካሜራውን አነሳች። ፊቴ እንደ ድንጋይ ሆነ።

«አሁን አንቺም ዳኛ ልትሆኚ ነው?» አለችኝ።

ሳላስበው ሳቅሁ፤ ከሞቷ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ስስቅ እጄ ተነስቶ አፌ ላይ አረፈ። ጥርሶቼ ሙሉ ናቸው፤ የምሸፍነው ነገር የለኝም። ይህ እጅ ያለኝ መሆኑንም እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰባት ወር ሙሉ የሰማሁት ቃል ትዝ ብሎኝ ቶሎ ላወርደው ስል፣ አክስቴ ከካሜራው ጀርባ ሆና ተናገረች።

«ተይው» አለችኝ። «እዚያው ይሁን።»